ወላጅ አልባ ፓኬጆችና ባለአደራዎቻቸው

በየዓመቱ ይህ መጽሔት ሲዘጋጅ ከሕክምና ፋኩልቲ የወጣን ሰዎች ምን እንደምንጽፍ የታወቀ ነው፤ ስለ አናቶሚ ክፍሉ የፎርማሊን ሽታ፣ ስለ ኢንተርንነት እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ባቻችን ልጆች ሠርግና ስደት። ዘንድሮ አዘጋጆቹ «የታሪክ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ እኔ የመጣልኝ ሌላ ነው። ከኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቃችሁ ወንድም እህቶቻችን «እሷን ደግሞ ማን ወደኛ ሰፈር አመጣት?» ማለታችሁ አይቀርም። ታገሱኝ። እኔ ራዲዮሎጂስት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የማየው ምስል ነው። ምስሉን የሚያመላልሱት ፕሮግራሞች ደግሞ በብዛት ያረፉት አይቼያቸው በማላውቃቸው፣ ለዚህ ሥራ ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። የምጽፈው የእነሱን ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሊኑክስ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ሙሉ ነገር ይመስለዋል። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የለቀቀው ግን ከርነሉን፣ ማለትም ፕሮግራሞችን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውን እምብርት ብቻ ነው። በእምብርት ብቻ ደብዳቤ አይጻፍም፣ ኤክስሬይ አይከፈትም። ቀሪው ሁሉ፣ ከፊደሉ ጀምሮ እስከ ማተሚያው፣ በየአገሩ የተበተኑ፣ አንዳቸው የሌላውን ሥራ የማያውቁ ሰዎች የጻፉት ነው። ይህን ሰብስቦ፣ አስማምቶ የሚያቀርበው «ስርጭት» ይባላል፤ ተሰናድቶ የቀረበው እያንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ «ፓኬጅ»። ፓኬጁን የሚያሰናዳው ሰው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው አይደለም። እንደ ሆስፒታል ፋርማሲስት ቁጠሩት፦ መድኃኒቱን አልፈበረከውም፤ ግን ከየትኛው ጋር እንደማይስማማ፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ ያውቃል፤ ከፋብሪካው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲመጣም ከመደርደሪያው ፈጥኖ የሚያነሳው እሱ ነው። እነሱ ይህን ሰው «ሜንቴነር» ይሉታል። እኔ «ባለአደራ» እለዋለሁ፤ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ይህ ሥራ ሥርዓት የያዘበት ዋናው ቤት ዴቢያን ነው። ኦገስት 16 ቀን 1993 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ20 ዓመቱ ኢያን መርዶክ አዲስ ስርጭት ሊያዘጋጅ መሆኑን አስታወቀ። ኤስኤልኤስ የሚባለውን የዚያን ጊዜ ስርጭት ሞክሮ በስህተቱ ብዛት ተማሮ ነበር። ስሙን ያወጣው ከያኔዋ ፍቅረኛው ከዴብራና ከራሱ ስም ገጣጥሞ ነው፤ ዴብ እና ኢያን። (የዶርም ልጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።) አዲስ የነበረው ፕሮግራሙ ሳይሆን የሥራ ክፍፍሉ ነው። አንድ ሰው ሁሉንም ከሚያሰናዳ ለእያንዳንዱ ፓኬጅ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ይኑር፣ ስሙም ፓኬጁ ላይ ይጻፍ ተባለ። በ1996 የወጣው ዴቢያን 1.1 ውስጥ 474 ፓኬጆች ነበሩ። በ2023 የወጣው 12ኛው እትም ከ64,000 በላይ ይዟል፤ ሙሉ አባልነት ያላቸው ሠራተኞች ግን አንድ ሺህ ገደማ ናቸው። ሒሳቡን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ በየዎርዱ ያለውን የነርስና የታካሚ ቁጥር የሚያውቅ ሰው አይደነቅበትም።

መርዶክ ራሱ በ1996 መሪነቱን ለብሩስ ፔረንስ አስረክቦ ሄደ። ሥራው አልቆመም። መሥራቹ ከሄደ በኋላ ቀጥ ብሎ የቆመ ማኅበር በእኛ አገር ስንት እንደምንቆጥር የአልሙናይ ኮሚቴዎቻችንን መጠየቅ ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሳበኝ ሰው ሲደክም ምን እንደሚያደርጉ ነው። በጎ ፈቃደኛ ይወልዳል፣ ያገባል፣ ይታመማል፣ ሥራ ይቀይራል። ዴቢያኖች ይህን እንደ ነውር አልቆጠሩትም፤ መዝገብ ከፈቱለት። አንድ ባለአደራ ሥራው ከበዛበት «አጋዥ እፈልጋለሁ» ብሎ ያስመዘግባል። ሊተው ካሰበ «ተረካቢ ፈልጉልኝ» ይላል። ከነጭራሹ ከተወው ፓኬጁ «ወላጅ አልባ» ተብሎ በግልጽ ይዘረዘራል፤ ቃሉ የእኔ አይደለም፣ የራሳቸው ነው። በባለአደራው ስም ቦታ የጥራት ቡድኑ ስም ይገባና የሚያሳድገው እስኪገኝ ይጠበቃል። እኛ ጉዲፈቻ የምንለው ዓይነት ነው። ሳይናገር ድምፁን ያጠፋ ሰው ካለም እሱን የሚያፈላልግ ቡድን አላቸው፤ ደብዳቤ ይጽፉለታል፣ ይጠብቃሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ፣ መልስ ከጠፋ ፓኬጆቹን ከስሙ ያወርዳሉ። በ1997 ባጸደቁት የማኅበራዊ ውል ሰነዳቸው ላይም ችግርን አንደብቅም ብለው ቃል ገብተዋል፤ የስህተት መዝገባቸው ለማንም ክፍት ነው። ሆስፒታሎቻችን የሞት ምክንያት ግምገማቸውን እንዲህ ከፍተው ቢያስቀምጡ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ግን ወደዚያ ብገባ አልወጣም።

በሩ ታዲያ ሰፊ አይደለም። ሙሉ አባል ለመሆን ማንነትህን በአካል ላገኘህ ሌላ አባል በመታወቂያ አሳይተህ፣ እሱ ዲጂታል ቁልፍህን ፈርሞልህ፣ ከዚያ በችሎታና በመርህ ተፈትነህ ነው። በ1999 የአመልካቹ ብዛት ከአቅማቸው በላይ ሆኖ በሩን ለወራት ዘግተውት ነበር። ያኔ «እንዲህማ አይሆንም» ያለ ብዙ ነው። እኔ ግን ወደ ኋላ ስመለከተው ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ ታዩታላችሁ።

ወደ ሕክምናው ልምጣ። በ2002 አንድሬያስ ቲለ የሚባል ጀርመናዊ የፊዚክስ ባለሙያ ዴቢያን ሜድ የተባለውን ክፍል መሠረተ። ሐሳቡ ለሕክምናና ለሥነ ሕይወት ምርምር የሚያስፈልጉትን ነፃ ፕሮግራሞች ሁሉ በፓኬጅነት ማቅረብ ነው፦ የዘረመል ቅደም ተከተል ማነጻጸሪያዎች፣ የኤክስሬይና የሲቲ ምስል ማመላለሻዎች፣ የስታትስቲክስ መሣሪያዎች። ከእነዚህ አንዱ ኦርታንክ ነው። ቤልጂየም ውስጥ በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሴባስቲያን ጆዶኝ የጀመረው የምስል ሰርቨር ሲሆን ሲቲ ማሽኑ የላከውን ተቀብሎ፣ አከማችቶ፣ ለሐኪሙ ያቀርባል። የ2014ቱን የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራው ነው። ሚሊዮን ብር የሚጠየቅበትን አገልግሎት በአንድ ተራ ዴስክቶፕ ላይ መጀመር መቻሉ ለእኛ ዓይነት አገር ምን ማለት እንደሆነ ለራዲዮሎጂ ባልደረቦቼ መንገር አያስፈልገኝም።

የቲለ ትልቁ ሥራ ግን ፓኬጆቹ አይመስሉኝም። በዴቢያን ሜድ ፓኬጁ ላይ በባለአደራነት የሚጻፈው የቡድኑ ስም ነው፤ የሠሩት ሰዎች ስም ከሥር ይዘረዘራል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ገብቶ መጠገን ይችላል፤ ፈቃድ መጠየቅ፣ ማፈላለግ የለም። አዲስ ገቢውንም ነባሮቹ እያሳዩ ያሠለጥኑታል። በኤፕሪል 2020 ዓለም ቤቱ ተዘግቶበት በነበረ ጊዜ ይህ ቡድን ለኮቪድ ምርምር የሚረዱ ፕሮግራሞችን ለማሰናዳት የአንድ ሳምንት የኦንላይን ዘመቻ ጠርቶ ነበር። ለአሥራ ስምንት ዓመት የተገነባ ቡድን ባይኖር ኖሮ በዚያ ጭንቀት መሀል ማን ማንን ይጠራ ነበር? ቲለ በ2024 የመላው ዴቢያን መሪ ሆኖ ተመርጧል።

የቡድን ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል አንድ ጎበዝ የአይቲ ልጅ ነበር። ማንም ሳያዘው፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ እያመሸ፣ ነፃ የምስል ሰርቨር በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ተከለልን። ፊልም መፈለግ ቀረ፤ ከቀዶ ጥገና ክፍል ሆነው የሲቲ ምስል ማየት ጀመሩ። ሁላችንም ለመድን። ከዚያ ልጁ ዲቪ ደረሰውና ሄደ፤ ኬክ ቆርሰን ሸኘነው። ከወራት በኋላ ዲስኩ ሞላ፤ ሲቲው የሚልከው ምስል መግባት አቆመ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው የለም። ከሳምንት በላይ ምስል በሲዲ እየገለበጥን፣ ሲዲውን በአስታማሚ እጅ እየላክን ሠራን። የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበት ሰው ምስል በደረጃ ላይ ሲወርድና ሲወጣ አስቡት። በመጨረሻ ልጁን በቴሌግራም አገኘነው፤ እሱ አሜሪካ ከሥራ ገብቶ ሊተኛ ሲል፣ እኛ ጠዋት። «ዶክተርዬ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጬላችሁ ነበር እኮ» አለኝ። መሳቢያው ቢሮ ሲቀየር ወደ ንብረት ክፍል ሄዷል። ልጁ እንቅልፉን ትቶ መስመር በመስመር እየነገረን አስተካከልነው። እሱን የሚወቅስ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። በዴቢያን ቋንቋ ሰርቨሩ ወላጅ አልባ ሆኖ ነበር፤ ልዩነቱ «ወላጅ አልባ» ብሎ የሚዘረዝርበት መዝገብ አለመኖሩ ነው።

የዴቢያን ሥርዓት ራሱ ግን ከአደጋ አላመለጠም። በ2006 የኦፕን ኤስኤስኤል ፓኬጅ ባለአደራ አንድ የመመርመሪያ መሣሪያ ደጋግሞ ቅሬታ የሚያሰማባቸውን መስመሮች ከፕሮግራሙ አወጣ። ከማውጣቱ በፊት የፕሮግራሙን ጸሐፊዎች ጠይቋል፤ የከለከለው የለም። መስመሮቹ ግን የምስጢር ቁልፍ ሲፈጠር እንዳይገመት የሚያደርጉት ነበሩ። እነሱ ሲወጡ ለአንድ ዓይነትና መጠን ቁልፍ የሚቻለው ልዩነት ከ32,768 አይበልጥም፤ አንድ ተራ ኮምፒውተር ሁሉንም ሞክሮ ይጨርሳቸዋል። ነገሩ ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ሉሲያኖ ቤሎ የተባለ ሌላ የዴቢያን ሰው አገኘውና ሜይ 13 ቀን 2008 ይፋ ሆነ፤ በዓለም ዙሪያ ቁልፎች እንደገና ተፈጠሩ። የቶንሲልን ጥቅም በቅጡ ሳናውቅ በዘመቻ ስናወጣ የኖርን ሙያ ውስጥ ስላለሁ በዚያ ባለአደራ ላይ ድንጋይ አልወረውርም። አልደበቁትም፤ በስማቸው ወጥተው፣ ምን እንደሆነና ምን መደረግ እንዳለበት ጻፉ።

ከዴቢያን ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። በ2002 ካናዳዊው ጁድ ቪኔት የጀመረው አርች ሊኑክስ ዋና ዋናዎቹን ፓኬጆች በታመኑ ሰዎች ያስጠብቅና ለቀሪው የተጠቃሚዎች ማከማቻ ከፍቷል። እዚያ ማንም ተመዝግቦ ማበርከት ይችላል። የሚያበረክተው የበሰለውን ሳይሆን የአሠራሩን ዝርዝር ነው፤ ወጡን ሳይሆን የወጡን አሠራር እንደማለት። ተጠቃሚው አንብቦ፣ አምኖበት፣ በራሱ ማሽን ላይ ያበስለዋል፤ ኃላፊነቱም የራሱ ነው። ፈጣን ነው፣ ሰፊ ነው፣ ዴቢያን ውስጥ ዓመት የሚጠብቅ ነገር እዚያ በማግስቱ ይገኛል። ችግሩ ማን ያነባል? በጁላይ 2018 አክሮሪድ የተባለው የፒዲኤፍ ማንበቢያ ፓኬጅ ባለቤቱ ትቶት ወላጅ አልባ ሆኖ ሳለ አንድ የብዕር ስም ብቻ ያለው ሰው አሳዳጊ ሆኖ ተረከበውና ከሌላ ቦታ ስክሪፕት አውርዶ የሚያስኬድ መስመር ጨመረበት። ነገሩ ተደርሶበት ወዲያው ተሰረዘ፤ ጉዳቱም ትንሽ ነበር። ትምህርቱ ግን ትንሽ አልነበረም፦ ለዓመታት የታመነ ስም ባለቤቱ ሲሄድ ከነእምነቱ ይወረሳል። እኔ እንግዲህ በዚህ ክርክር ከዴቢያን ወገን ነኝ። ለራሴ ላፕቶፕ የአርችን መንገድ እረዳዋለሁ፤ የታካሚ ምስል ላለበት ማሽን ግን የሰው ልጅ ሁሉ ያነባል ብዬ አልገምትም። የመድኃኒት መግለጫ ወረቀትን ስንቱ ያነባል?

የቀረበው በር ግን ብቻውን አያድንም። በ2024 የሆነው ይህን አሳየ። ኤክስዚ ፋይል ማጨቂያ ነው፤ ትንሽ፣ ድምፅ የሌለው፣ በየስርጭቱ ውስጥ ያለ። ለዓመታት ያቆየው አንድ ፊንላንዳዊ ብቻውን ነው። (ስሙን ማንም ሊያገኘው ይችላል፤ እኔ ግን ስለ ሰው ጤና ስጽፍ ስም አለመጥቀስ ልማድ ሆኖብኛል።) በ2022 ጤናው ከዚህ በላይ እንዲሠራ እንደማይፈቅድለት በአደባባይ ጽፎ ነበር። በዚያው ሰሞን ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች ሥራው ተጓተተ፣ ለሌላ ልቀቅ እያሉ ይጫኑታል። ሌላው ደግሞ ተዘጋጅቶ ነበር፦ ጂያ ታን በሚል ስም ከ2021 ጀምሮ ትሑት ሆኖ፣ ጠቃሚ እርማት እያቀረበ የቆየ ረዳት። ደካማው ሰው አመነው፤ ሥራውን አካፈለው። ማን አያምንም? በፌብሩዋሪና በማርች 2024 የወጡት ሁለት እትሞች ውስጥ ይህ ረዳት የኋላ በር ቀብሮ ነበር፤ ወደ ሰርቨሮች በርቀት የሚገባበትን ኦፕን ኤስኤስኤች ለማይታይ እጅ የሚከፍት።

ኦፕን ኤስኤስኤች በራሱ ኤክስዚን አይጠቀምም። መንገዱ የተገኘው ዴቢያንን ጨምሮ የአንዳንድ ስርጭቶች ባለአደራዎች ለአሠራር ምቾት ብለው ባስገቡት ማያያዣ በኩል ነው። የፋርማሲስቱ ትንሽ ማስተካከያ ያልታሰበ መስተጋብር ፈጠረ ማለት ነው። ያገኘው ደግሞ የማይክሮሶፍት ባልደረባ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ የመረጃ ቋት ሥራውን ሲፈትሽ መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነው። እሱ የሚሠራበት ማሽን ዴቢያን ሲድን የሚያሄድ ነበር። ዴቢያኖች እትሞቻቸውን ቶይ ስቶሪ በሚለው የአሻንጉሊቶች ፊልም ገጸ ባሕርያት ይሰይማሉ፤ ሲድ አሻንጉሊት የሚሰብረው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ገና ያልተፈተሸው ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው በእሱ ስም ወደሚጠራው ክፍል ነው። ፍሮይንድ ማርች 29 ይፋ አደረገው። መርዙ ወደ ተረጋጋው፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ወደሚጠቀሙበት እትም አልደረሰም። ቀስ የማለታቸው ጥቅም እዚህ ላይ ታየ። ግን ግማሽ ሰከንድ የከነከነው ሰው ባይኖርስ? ሪዚደንቶቼን «የማይመስል ነገር ሲያያችሁ አትለፉት» ስል ይህን ታሪክ ነው የምነግራቸው፤ ከሕክምና ምሳሌ ይበልጥ ይይዙታል።

የእኛ አገርም በዚህ ታሪክ ውስጥ የለችም ማለት አይቻልም። ጤና ሚኒስቴር የየጤና ተቋሙን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚተከለውም ከዴቢያን በተወለደው ኡቡንቱ ላይ ነው። ከዚያም በላይ ፊደላችን አለ። በእኛ ባች ጊዜ የአማርኛ ፕሮግራሞች የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው፤ በአንዱ የተጻፈ ሪፖርት በሌላው ሲከፈት የጉንዳን ሰልፍ ይመስል ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ቦታ ማግኘት ብቻውን ግን ጽሑፍ አይሆንም፤ ፎንቱን፣ የቁልፍ ሰሌዳውን፣ የወራቱንና የቀናቱን ስም በየስርጭቱ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። በሊኑክስ ውስጥ የአማርኛን የቋንቋ መረጃ ያበረከተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት በነፃ ፈቃድ ስለተለቀቀ በዴቢያን ፓኬጅ ሆኖ ገባ። በፌብሩዋሪ 2009 የወጣው ዴቢያን 5.0 ደግሞ ከተከላው መጀመሪያ አንሥቶ በአማርኛ የሚያናግር ሆነ። ያንን ሁሉ መስመር ተቀምጦ የተረጎመ ሰው አለ። ለየትኛው የማዕረግ ዕድገት አስቆጠረለት?

ይህችን ጥያቄ በግቢ ውስጥ ላላችሁ መምህራን ነው የምወረውራት። በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ተብሎ የሚሠራ ሶፍትዌር አለ፤ ይገመገማል፣ ነጥብ ያገኛል፣ በሲዲ ተደርጎ ላይብረሪ ይገባል፣ እዚያው ይቀራል። አራት ተማሪ አንድ ላይ ሆኖ አዲስ ነገር ከሚጀምር ያለውን አንድ ወላጅ አልባ ፓኬጅ ተቀብሎ፣ ስህተቱን አርሞ፣ ተቀባይነት ቢያገኝ እንደ ፕሮጀክት አይቆጠርም? ዴቢያን ሜድ ውስጥ እጅ ይዞ የሚያሳይ ነባር ሰው አለ፤ የሚጠይቀው ኢንተርኔትና ትዕግሥት ነው። ከእኛ ከሕክምናው ወገን ደግሞ ፕሮግራሙ በታካሚ ምስል ላይ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሐኪም ይጨመርበት። እኔ ለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አለኝ። የወላጅ አልባዎቹ ዝርዝር ለማንም ክፍት ነው፤ ይህን ስጽፍ ከፍቼ አየሁት፣ ረጅም ነው፤ «አጋዥ እፈልጋለሁ» የሚለው ክፍልም እንዲሁ።